የቆቦን የጉድጓድ ውሃ መውረድ በግሬስ ሳተላይት ማየት ይቻላል?

ጦሳ (ደሴ)፦
ሰላም ጀመዓ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ መዝገብ አለኝ። ከሱ ጋር ለማነጻጸር በግሬስ (የምድርን ስበት በመለካት የውሃ ክብደት ለውጥን በሚያሳዩት ጥንድ ሳተላይቶች) ልኬት የተሠራውን የጄፒኤል (የናሳ ቤተ ሙከራ) ማስኮን ፋይል አውርጄ ቆቦ ላይ የሚያርፈውን ነጥብ (12.25 ሰሜን፣ 39.75 ምሥራቅ) አወጣሁ። ጉድጓዶቹ ይወርዳሉ፤ የሳተላይቱ መስመር ግን ከክረምት በኋላ ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ከማለት በቀር የጎላ መውረድ አይታይበትም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

አምባሰል፦
አብሽር፣ ኮድህ ደህና ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ያ ነጥብ ቆቦን ይለካል ማለትህ ላይ ነው።

ሁለቱ ሳተላይቶች 220 ኪ.ሜ. ያህል ተራርቀው፣ ከ500 ኪ.ሜ. ገደማ ከፍታ ላይ ተከታትለው ይዞራሉ። ወደ ከባድ ነገር ሲቃረቡ ፊተኛው ቀድሞ ይሳብና ርቀቱ ይሰፋል፤ ኋላ የቀረው ሲደርስ ይጠባል። የሚለካው ይኸው የርቀት ለውጥ ነው፣ እስከ ማይክሮሜትር ድረስ። ልኬቱ ይህን ያህል ይርቀቅ እንጂ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ የአንድን ሸለቆ ክብደት ከጎረቤቱ መለየት አይቻልም። የመለየት አቅሙ 300 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 250 ኪ.ሜ. መሆኑን አስብ። ያወረድከው ፋይል በ0.5 ዲግሪ ቢከፋፈልም ማስኮኑ (የክብደት ለውጡ በአንድነት የሚሰላበት ቁራጭ መሬት) ራሱ 3 ዲግሪ ነው። አብሮት የሚመጣውን ማባዣ ተጠቅመህ ከሆነ ደግሞ ካርታው ላይ የምታየው ዝርዝር የሞዴል እንጂ የሳተላይቱ አይደለም።

በቁጥር እንየው። ስፋቱ 1,000 ካሬ ኪ.ሜ. በሆነ ሸለቆ ሁሉም ጉድጓድ 1 ሜትር ወረደ እንበል። አለቱና አሸዋው የሚለቀው ውሃ 10 በመቶ ቢሆን የጠፋው 10 ሴ.ሜ. ውሃ፣ ማለትም 0.1 ኪዩቢክ ኪ.ሜ. ነው። ይህ በ100,000 ካሬ ኪ.ሜ. ማስኮን ላይ ሲበተን 1 ሚ.ሜ. ይሆናል። የልኬቱ ስህተት ብቻውን ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ. ይደርሳል። ስለዚህ ጉድጓድህ ልክ ነው፣ ሳተላይቱም ልክ ነው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ጦሳ፦
ገባኝ። ወሎን በሙሉ በአንድ ብወስደውስ?

ሐይቅ ዳር፦
በአስተዳደር ወሰን አትቁረጠው ወንድሜ፣ ውሃ ዞን አያውቅም። ምዕራቡ በበሽሎ ወደ አባይ፣ ምሥራቁ በቦርከናና በሚሌ ወደ አዋሽ፣ ላስታ ወደ ተከዜ ይፈሳል። ተፋሰስ ውሰድ፤ ከ100,000 ካሬ ኪ.ሜ. ያነሰውን ግን ተወው።

አባይን ከመረጥክ አንድ ወጥመድ አለ። የህዳሴ ግድብ ሐይቅ መሞላት የጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህን በ175,000 ካሬ ኪ.ሜ. ብታሰራጨው 42 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ከ2020 ወዲህ ያለውን ከፍታ «የከርሰ ምድር ውሃ አገገመ» ብለህ እንዳትጽፍ። ወይ የሐይቁን መጠን ቀንስ፣ ወይ ትንታኔህን ከዚያ በፊት አቁመው። መቀነሱም ቀላል አይደለም፤ ግድቡ ድንበር አጠገብ ስለሆነ የሐይቁ ክብደት ከፊሉ በሳተላይቱ ልኬት ሱዳን ውስጥ ያለ መስሎ ይታያል።

የከርሰ ምድሩን ለመነጠል ከጠቅላላው ላይ የአፈር እርጥበትንና የገጸ ምድር ውሃን ትቀንሳለህ። ለአፈሩ ጂኤልዳስ ኖዋ 2.1 ከተባለው የናሳ የመሬት ሞዴል አራቱን የአፈር ንብርብሮች (እስከ 2 ሜትር) ደምር። የኖዋ ቁጥር በሚ.ሜ. ነው፣ የግሬስ ግን በሴ.ሜ.፤ 10 ጊዜ የተጋነነ ውጤት የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። የግሬስ ቁጥር ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ካለው አማካይ የተለየውን ስለሚነግርህ ከአፈሩም የነዚያኑ ዓመታት አማካይ ቀንስ። ጂኤልዳስ 2.2ን እንዳትነካ፤ ግሬስ ራሱ ተጨምሮበት የተሠራ ስለሆነ ከግሬስ ላይ ግሬስን መቀነስ ይሆንብሃል።

አምባሰል፦
ሌላ ሰው ይህን አንብቦ በማስኮን ፈንታ የሉላዊ ሃርሞኒክ ፋይል (የስበት መስኩን በሞገዶች ድምር የሚገልጸውን) ሊጠቀም ከሆነ፦ ሲ20ን (የምድርን ጠፍጣፋነት የሚገልጸውን ቁጥር) ወደ ሳተላይት በሚላክ ሌዘር ልኬት በተገኘው ይተካ፣ ዲግሪ 1ን (የምድርን የክብደት ማዕከል መንቀሳቀስ) ይጨምር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰመሩትን የስህተት መስመሮች ያጣራ። ማስኮን ላይ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ነው የሚመጣው።

ጦሳ፦
አመሰግናለሁ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. መካከል ግን ባዶ ወራት አገኘሁ። በመስመር ላገናኛቸው?

ሐይቅ ዳር፦
አታገናኝ። የመጀመሪያው ግሬስ ዳታ በጁን 2017 እ.ኤ.አ. ያበቃል፣ የተከታዩ ጥንድ የግሬስ ፎ በጁን 2018 ይጀምራል፤ መሐሉ 11 ወር ባዶ ነው። የ2009 ዓ.ም. ክረምት ከነከፍታው እዚያ ውስጥ ነው የጠፋው፤ ቀጥ ያለ መስመር ብትስልበት ክረምት ያልገባበት ዓመት ትፈጥራለህ። ባዶውን ተወውና የወቅቱን ዑደትና አዝማሚያውን ባሉት ወሮች ላይ ብቻ አስላ።

የጉድጓዱ መዝገብ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ወር በወር አታጣምረው። ሐምሌ 2010 ማለት ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6፣ 2018 ነው። መጀመሪያ ቀኑን ቀይር፣ ከዚያ በፈረንጅ ወር አማካይ አውጣ።