የኮሮላዬን የፋብሪካ ቸርኬ ጥቁር ፓውደር ኮቲንግ ላስደርገው ነው፣ ምን ትላላችሁ?

ባለኮሮላ_ደሴ፦
ሰላም ልጆች እንዴት ናችሁ። የ2008 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፣ ቸርኬዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው አሉሚኒየም ነው። ለስራ በየቀኑ ደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን እየያዝኩ ስለሆነ የፊት ሁለቱ ቅዳሜ ታጥበው ሰኞ ከሰል የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስሉት፣ ጠርዛቸውም ድንጋይ ፍቆታል። እና በፓውደር ኮቲንግ (ዱቄት ቀለም ተነፍቶበት ምድጃ ውስጥ የሚጋገር) ጥቁር ላድርገው ብዬ ኮምቦልቻ የብረት በር የሚሰራ አንድ ቤት ጠየኩ፣ ምድጃ አለን እንጋግርልሃለን አሉኝ (ዋጋውን አልነግራችሁም ትስቁብኛላችሁ)። ፍርሃቴ እሳት ውስጥ ገብቶ ቸርኬው አይዳከምም ወይ ነው። ባለቤቴ ጥቁር ቸርኬ የጎረምሳ ነው ብላለች፣ እሱን ለኔ ተዉት።

ጎሚስታው_ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። ዱቄቱ የሚጋገረው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ነው፣ 15 ወይ 20 ደቂቃ፣ አንዴ በትክክል ከተሰራ ቸርኬ አይጎዳም። ግን የፋብሪካ ቸርኬ ጥንካሬውን ያገኘው ራሱ በሙቀት ስለሆነ ከ200 አልፎ ሲቆይ ወይ ደጋግሞ ሲጋገር ይለሰልሳል። የኔ ስጋት በር ሰሪው ላይ ነው፣ እሱ የለመደው ስስ ላሜራ ነው ቶሎ ይሞቃል፣ ቸርኬ ወፍራም ስለሆነ ሲዘገይበት እሳቱን ይጨምርበታል። ሰዓቱን ከመቼ ጀምረህ ነው የምትቆጥረው በለው፣ ምድጃው ከሞቀ ካለህ ጥለህ ውጣ፣ ቸርኬው ራሱ ከሞቀ ካለህ ሰውየው ያውቃል።
ሌላው የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀልጦ የተቀዳ ስለሆነ ውስጡ አየር ይዟል፣ ዱቄቱ ከተነፋበት በኋላ አየሩ ሲወጣ ቀለሙን እንደ እንጀራ ዓይን ያደርገዋል። መጀመሪያ ባዶውን ይጋገርና ነው ቀለሙ የሚነፋው። የድሮውን ቀለም ደግሞ በአሸዋ እናራግፈዋለን ካሉህ ምን አሸዋ ብለህ ጠይቅ፣ የቦርከና ወንዝ አሸዋ ከሆነ ተው በቃ ይቦረቡረዋል፣ ብናኙም ለሰራተኛው ሳንባ መርዝ ነው። የተፋቀውን ጠርዝ በስቱኮ እንዳይሞሉልህም፣ ተራ ስቱኮ ያን ምድጃ አይችልም።

የሐረጎ_ሾፌር፦
እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ ቤቱን ግን አልጠራም። ቸርኬዬን አስቀብቼ ቆንጆ ሆነልኝ፣ አስጠብቄ ሄድኩ፣ በአራተኛው ቀን ሐረጎ ኩርባ ላይ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከታች ተክ ተክ የሚል ድምፅ መጣ፣ ዳር ይዤ ወረድኩና ብነካው ሦስት ዳዶ በጣቴ ዞረ ወላሂ!! እግሬ ከዳኝ። ምክንያቱ ዳዶው የሚቀመጥበት ቦታም ተቀብቶ ኖሯል፣ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ እየተጨፈለቀ ሲሄድ ዳዶው ላላ። የዳዶ መቀመጫውና ከሀቡ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው አካል) ጋር የሚገናኘው የጀርባ ፊት መሸፈን አለበት፣ ባዶ ብረት ሆኖ ይቅር። ሲገጠም ዳዶው የሚጠብቀው ለኮሮላ በ103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በመለኪያ ቁልፍ እንጂ ቧንቧ አስረዝመው እየረገጡበት አይደለም፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ድጋሚ አስፈትሽ።

ስፕሬይ_ይበቃል፦
ቀቢ ነኝ ስለዚህ ለገበያው ነው የሚያወራው በሉኝ ችግር የለም። ፓውደር ጠንካራ ነው አልክድም፣ ግን ድንጋይ ሲልጠው ውሃ ከስር ይገባና አሉሚኒየሙ ነጭ ነጭ ያበቅላል፣ ያኔ እንደገና ሙሉውን ልጦ መጋገር ነው። የኔን ስፕሬይ ቀለም ግን በአንድ ከሰዓት ታድሰዋለህ። ብቻ ተራ አንትራስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አሉሚኒየም ላይ አይዝም፣ ከስር የሚቀባው ኢፖክሲ ፕራይመር ይሁን።

ባለኮሮላ_ደሴ፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ትናንት ፒያሳ ጎማዎቹን አስወልቄ ቸርኬዎቹን በሳሙና ሳጥባቸው የፊት ግራው ከውስጥ በኩል እንደ ጠባሳ የጎበጠ መስመር አለው፣ ብየዳ ይመስላል። መኪናዋን ስገዛ ማንም አልነገረኝም። ቀለሙ ይሸፍነዋል አይደል?

ጎሚስታው_ኮምቦልቻ፦
መሸፈኑማ ይሸፍነዋል፣ እሱ ነው እኮ ችግሩ። ቀለሙን ልጠህ መስመሩ ላይ ከአንድ በኩል ጠመኔ ቀባው፣ በሌላው በኩል ነጭ ጋዝ በጨርቅ አርሰህ አስደግፈውና ግማሽ ሰዓት ተወው። ጠመኔው ደረቅ ከሆነ እንነጋገራለን፣ ከረጠበ ግን ስንጥቁ ከአንዱ በኩል ወደ ሌላው ዘልቋል ማለት ነው።

ባለኮሮላ_ደሴ፦
አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ረጠበ። ሦስቱን ኮምቦልቻ እወስዳለሁ፣ ለጊዜው በስቴፕኒ እየሄድኩ ነው። የዚህ ኮሮላ ኦሪጅናል 15 ቸርኬ አንድ ፍሬ ያለው ካለ በውስጥ ያናግረኝ፣ ቀለሙ የፈለገው ይሁን።