ዶሜይኔ የሌላ ሰው ገጽ እየከፈተ ነው

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከፍቅር ሐይቅ ትንሽ ገባ ብሎ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አላት። ድረ ገጹን ራሴ ሠርቼ ክላውድ ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) ላይ ጫንኩት። ዶሜይን (የድረ ገጹን ስም) ገዝቼ፣ ስሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ኤ ሪከርድ ላይ የሰርቨሩን አይፒ (የአድራሻ ቁጥሩን) አስገባሁ። ወዲያው ሠራ። እናቴ በስልኳ ክፍሎቿን ስታይ እልል አለች።

ሒሳቡን ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ነው የሚከፍልልኝ። እንዳይበዛበት ብዬ ሰርቨሩን ማታ ማታ ማጥፋት ጀመርኩ። በነጋታው ሳበራው ዶሜይኑ አልከፍት አለ። ዛሬ ደግሞ የማላውቀው ሰው የጫማ መሸጫ መጣ! ተጠልፌ ይሆን? ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ደርሷል፤ ክፍል ፈላጊው ብዙ ነው። እባካችሁ።

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ አልተጠለፍሽም። አንዳንድ ክላውዶች ላይ ሰርቨሩ ሲጠፋ አይፒው ይለቀቃል። ሲበራ ሌላ ይሰጥሻል። የድሮው ለጫማ ነጋዴው ደርሶታል፤ ዶሜይንሽ ግን አሁንም እንግዳ ወደዚያው ይልካል።

ሌላውን ሁሉ ተይና መጀመሪያ የድሮውን አይፒ ከሪከርዱ አውጪው። አሁኑኑ! ያ ሰው ክፉ ቢሆን በእናትሽ ስም የሴኪዩሪቲ ሰርተፍኬት ሳይቀር አውጥቶ ከእንግዳ ቀብድ ሊቀበል ይችላል። ከዚያ ቋሚ አይፒ ያዢ፣ ከሰርቨሩ ጋር አገናኚው፣ እሱን ኤ ሪከርዱ ላይ አስገቢ። በደብሊው ደብሊው ደብሊው የሚጀምረውንም አትርሺ።

መልስ 2፦
የሪከርዱን ቲቲኤል እዪው፤ ሌሎች አይፒውን ስንት ሰከንድ ይዘው እንደሚቆዩ የሚናገር ቁጥር ነው። 86400 ከሆነ የድሮው አይፒ አንዳንዱ ሰው ጋ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ለወደፊቱ 300 አድርጊው። ኔምሰርቨሩን (የዶሜይኑ ሪከርዶች የሚቀመጡበትን) ግን አትንኪ፤ እሱ ደህና ነው።

ማታ ማጥፋቱም ያን ያህል አያተርፍሽም። እኔ አማዞን ክላውድ ላይ ነኝ፤ ለአንድ ቋሚ አይፒ በሰዓት 0.005 ዶላር፣ በወር ወደ 3.6 ዶላር እከፍላለሁ። ሰርቨሩ ጠፍቶም ይቆጥራል። ዲስኩም እንደዚያው። ደግሞ አሜሪካ ያለ ሰው ክፍል የሚፈልገው በእኛ ሌሊት ነው።

ጠያቂ፦
ነፍሴ መለስ አለች። ቲቲኤሉ 3600 ነበር። ሪከርዱን ወደ ቋሚው አይፒ ቀየርኩት፤ በሞባይል ዳታ ቶሎ ተስተካከለ። የቤቱ ዋይፋይ ግን አንድ ሰዓት ያህል ጫማውን ሲያሳየኝ ቆየ። አሁን እሱም የእናቴን ክፍሎች ያሳያል። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ሰርቨሩ ሌሊትም እንደሚበራ ነገርኩት። «ይብራ፣ ለእሷ ነው» አለኝ።