ያገለገለ ጠመንጃ ላይ ዋጋ እንዴት ልደራደር?

ፈቃዴን ጨርሻለሁ፣ ሱቁም ሕጋዊ ነው። የቸገረኝ ዋጋው ነው። ዓይኔ ያረፈው ያገለገለ ሬሚንግተን 700 የአደን ጠመንጃ ላይ ነው። ሞዴሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ለገበያ የወጣና በብዛት የተሸጠ ስለሆነ መለዋወጫው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አፈሙዙ ነው። በብርሃን ሳየው የውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ጫፉ ላይ ደብዝዟል። ቃታው አካባቢም ትንሽ ዝገት አለ። ሰደፉ ግን በጣም ያምራል፤ ሻጩ ደጋግሞ የሚያሳየኝም እሱን ነው። ለእኔ ዒላማ መምታቱ ይበልጣል።

ጠመንጃው የሱቁ አይደለም፣ ባለቤቱ በኮሚሽን እንዲሸጥለት የሰጠው ነው። ሻጩም «ዋጋውን የቆረጠው እሱ ነው» ይለኛል። ታዲያ ለባለቤቱ ደውሉልኝ ልበል? ወይስ ዋጋው ባይነካም የማነጣጠሪያ መነጽሩንና ማንገቻውን እንዲጨምሩልኝ ልጠይቅ? ጉድለቱንስ ዋጋ ከመጥራቴ በፊት ላንሳው? እንዲህ ገዝታችሁ የምታውቁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።