ልዑሉም ልዕልቲቱም ተደብቀው በአንድ መንኮራኩር፦ ምስጢሩ ቶሎ እንዳይነቃብኝ ምን ላድርግ?

ሩቅ ምህዋር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ልቦለድ ነው፣ 30 ምዕራፍ፤ ዘመኑ ከዛሬ 300 ዓመት ወዲያ። ማርስ አንድ መንግሥት፣ የጁፒተር ጨረቃዎች ሌላ መንግሥት። የማርሱ አልጋ ወራሽ ስሙን ቀይሮ በአንድ የጭነት መንኮራኩር ሞተር ክፍል መካኒክ ሆኗል። እዚያው ምግብ የምታበስለው ደግሞ የጁፒተር ልዕልት ናት። ሁለቱም የጠፉት ከታጨላቸው ሰው ለመሸሽ ነው፤ የታጩት ግን እርስ በርስ ነው። መንኮራኩሩ ከማርስ ወደ ጋኒሜድ፣ ከጁፒተር ጨረቃዎች ወደ አንዷ፣ ይጓዛል።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። ረቂቁን ያነበበ ሁሉ ምዕራፍ 4 ላይ ይነቃበታል። ቤተ መንግሥቱ ፎቷቸውን ለካፒቴኑ ልኮ በአንድ ደቂቃ የማያስይዛቸው ለምንድን ነው ለሚለው መልስ የለኝም። የፍቅሩ ትዕይንቶችም ጠፈር ላይ መሆናቸው አይታወቅም፤ መስኮቱን አንሡትና ማንኛውም ሳሎን ይሆናል።

ልኬት

መጀመሪያ ርቀቱን ወስን። ማርስና ጁፒተር በሚቀራረቡበት ወቅት በመካከላቸው ከ530 እስከ 580 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል አለ። 600 እንበል። ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ አንድ መልእክት ለመድረስ 33 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ጥያቄና መልስ ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ። ስለዚህ በስክሪን ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ነገሥታት ካሉህ ሰርዛቸው። ደብዳቤ ይጻጻፉ።

ቀጥሎ የሞተሩ ጉልበት። እስከ ግማሽ መንገድ ይገፋል፣ ከዚያ መንኮራኩሩ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶ ፍሬን ይይዛል። ግፊቱ ከምድር ስበት ጋር እኩል ከሆነ 600 ሚሊዮኑ ኪሎ ሜትር ከ6 ቀን ባነሰ ያልቃል፤ በ6 ቀን ውስጥ ደግሞ ማንም ከልቡ አይዋደድም። አንድ አሥረኛው ከሆነ 18 ቀን ነው። እኔ የምመርጠው አንድ መቶኛውን ነው፦ 57 ቀን። ለ30 ምዕራፍ ልክ ነው፤ መዞሪያው 29ኛው ቀን ላይ፣ ምዕራፍ 15 ላይ ይውልልሃል። በዚያ ቀን ሞተሩ ለጥቂት ሰዓታት ይጠፋና ሁሉ ነገር ይንሳፈፋል። የልቦለዱ ወገብ እሱ ነው፤ በከንቱ አታሳልፈው።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ጸሐፊ «ፀሐይ መሐል ገብታ ሬዲዮ ተቋረጠ» ይላል። ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ ፕላኔቶቹ በተቃራኒ ጎን ናቸውና ርቀቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያድጋል፣ ጉዞው 74 ቀን ይሆናል፣ መንገዱም ፀሐይን ዞሮ ማለፍ አለበት። አንዱን ቀይረህ ሌላውን ብትረሳ አንባቢ ይይዝሃል።

ፎቶውን በተመለከተ መዘግየቱ ብቻውን አያድንህም፤ ከ33 ደቂቃ በኋላም ቢሆን ይደርሳል። የሚያስፈልግህ ቤተ መንግሥቱ መጥፋታቸውን በግልጽ መናገር የማይችልበት ምክንያት ነው። እጮኛው ኮብልሏል ከተባለ የሁለቱ መንግሥታት የጋብቻ ስምምነት ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለካፒቴኑ የሚደርሰው በሽፍንፍን የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ነው።

ወለል ያለ ሰማይ

@ልኬት ያለው ላይ ልጨምር፤ ሦስተኛው ችግር የሚፈታው በሰውነት ነው።

በአንድ መቶኛ ስበት ከእጅ ያመለጠ ማንኪያ አንድ ሜትር ወርዶ ወለል እስኪነካ አራት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል። ሁለት ሰው ዐይን ለዐይን ተያይቶ፣ ማፈር ጀምሮ፣ እንደገና ቀና ብሎ ለማየት ይበቃዋል። እንባ ጉንጭ ላይ ቁልቁል አይፈስም፤ ዐይን ላይ ተጣብቆ ያብጣል፣ ያቃጥላልም፤ አንድ ሰው በጨርቅ ካልጠረገው እዚያው ይቀራል። ማን ጠረገው? ትዕይንቱ ይኸው። በመዞሪያው ቀን ደግሞ መተቃቀፍ የሚያዝ ነገር ይፈልጋል፦ አንዱ ሌላውን ቢነካ ሁለቱም ወደ ኋላ ይገፋሉ።

ምግብ አብሳይነቷንም ተጠቀምበት። ስበት ሲቀንስ ፈሳሽ ወደ ራስ ስለሚወጣ አፍንጫ ይታፈናል፣ ጣዕም ይደበዝዛል፤ ጠፈርተኞች ቅመም የበዛበት ምግብ የሚመኙት ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊት ያብጣል፤ አከርካሪ ስለሚለጠጥም ቁመት እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ከፎቶው ጋር ባይመሳሰሉ አይገርምም። ጋኒሜድ ሲደርሱ ግን ሰውነት ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ተፈጥሮ ያለበሰቻቸውን ጭንብል ራሷ ትገፈዋለች።

መጋለጫውን ቀለበት ወይም የልደት ምልክት አታድርገው፤ ያረጀ ነው። የልዕልቲቱ ቤተ መንግሥት በጁፒተር ዙሪያ የሚሽከረከር ጣቢያ ነው በል፦ ከመሐሉ እስከ ወለሉ 224 ሜትር፣ በደቂቃ 2 ዙር። ይህ የምድርን ስበት ይሰጣል፤ ተራው ሕዝብ ግን ጨረቃዎቹ ላይ በአንድ ሰባተኛ ስበት ይኖራል። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተንቆረቆረ ሻይ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይስታል። እዚያ ያደገ ሰው ሳያስበው ማንቆርቆሪያውን ያን ያህል አሳልፎ ይይዛል። አሁን ምዕራፍ 2 ላይ፣ ማርስ ወደብ ሳሉ፣ ለመካኒኩ ሻይ ትቅዳለት። የማርስ መሬት እንደ ጣቢያው ፈጥኖ አይዞርም። ሻዩ የስኒውን ጠርዝ ስቶ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን መስመር ይሠራል፤ እሷ ትደነግጣለች፣ እሱ በመዳፉ ይጠርገዋል፣ ያልፋል። ንግሩ (በኋላ ለሚገለጠው ነገር የሚሰጠው ቅድመ ጥቆማ) ተተከለ ማለት ነው። ምዕራፍ 20 ላይ ሌላ ሰው ስለ ጣቢያው ሲያወራ ሲሰማ ያ መስመር ትዝ ይበለው።

ከታሪክም ሁለት ማስጠንቀቂያ። የሩሲያው ጴጥሮስ በ1697 «ፒዮትር ሚኻይሎቭ» ተብሎ አውሮፓን ሲዞር ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ስለነበር ማንነቱ ሊደበቅ አልቻለም። የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛ በ1791 በሎሌ ልብስ ሲሸሽ ያወቀው ሰው የለየው በወረቀት ገንዘብ ላይ ካለው ምስል ነው ይባላል። መንግሥቶችህ ገንዘብ ላይ ፊት አያትሙ፤ አለዚያ መካኒኩ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ያልቅለታል።

ሰምና ወርቅ

ሁላችሁም ስለ መንኮራኩሩ ታወራላችሁ፤ ይህ ልቦለድ ግን በአማርኛ ነው የሚጻፈው፣ አማርኛ ደግሞ ንጉሣዊ ሰውን በግሥ ያጋልጣል። «ልዑሉ ተነሡ» ወይስ «መካኒኩ ተነሣ»? ተራኪው ምዕራፍ 1 ላይ አንድ ጊዜ «ተነሡ» ካለ አለቀ። ረቂቅህ ምዕራፍ 4 ላይ የሚነቃው ከዚህ ይመስለኛል፤ ግሦቹን አንድ በአንድ ፈትሽ። ደንቡ ቀላል ነው፦ በራሱ ዐይን ሲታይ «ተነሣ»፣ በአሽከር ዐይን ሲታይ «ተነሡ»።

በዕድሜ የገፋ ጠባቂ አብሮት ተደብቆ ከሆነ ስሕተቱ ከእሱ አፍ ይውጣ። ገበታ ላይ «ይብ... ብላ እንጂ አንተ!» ይበል። ግማሽ ቃል ይበቃል። ልዕልቲቱ ሰምታ ማንኪያዋን ለአፍታ ትያዝ፣ ምንም አትበል።

የሽፍንፍኑን ትእዛዝ ነገርማ ቋንቋችን በነፃ ሰጥቶሃል። «እሳቸው» ወንድና ሴት አይለይም። ለካፒቴኑ የሚደርሰው መልእክት «እሳቸው እዚያው ናቸው፤ ሳይነገራቸው ይጠበቁ» የሚል ይሁን። ልዑሉ ሾልኮ ያነበዋል፦ ስለ እኔ ነው ይላል። ልዕልቲቱም ታነበዋለች፦ ስለ እኔ ነው ትላለች። ካፒቴኑም የሚጠረጥረው ሌላ ሦስተኛ ሰው ይሆናል። «ማንን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እንደ ርቀቱ እስከ አንድ ሰዓት ይዘገያል፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ ይገባል።

የቀለም ጠብታ

ከአጋጣሚው ጋር አልስማማም። ሁለት የሸሹ፣ እርስ በርስ የታጩ፣ በአንድ መንኮራኩር? ደግሞስ የሸሸች ልዕልት ወደ አባቷ ደጅ በሚመለስ መርከብ ለምን ትቀጠራለች? ሽሽቱን ተወው። ሁለቱም የወጡት የታጨላቸውን ሰው ተደብቀው ለማየት ይሁን። እሷ ማርስ ደርሳ ልዑሉ እንደሌለ አወቀች፣ ትመለሳለች፤ እሱ እሷን ሊያይ ገና መሄዱ ነው። መታወቂያ የማይጠይቅ የጭነት መንኮራኩር ደግሞ በዚያ ወቅት አንድ ብቻ ነው። አጋጣሚ የነበረው ምክንያት ሆነ።

ከአንባቢም አትደብቅ። የልቦለዱ ዐይነት ራሱ ነግሮታልና ሁለቱንም እስከ ምዕራፍ 3 አሳየው። ልብ ሰቀላው «እነማን ናቸው» መሆኑ ቀርቶ «ማን ቀድሞ ያውቃል፣ አውቆስ ስንት ቀን ዝም ይላል» ይሁን። እሷ ምዕራፍ 13 ላይ ትወቅ፣ እሱ 20 ላይ። የሰባት ምዕራፍ ዝምታ ግን ዋጋ አለው፦ በዚያ መሐል የነገረችውን እያንዳንዱን ውሸት በሌላ ወረቀት መዝግብ፤ ሲጣሉ እሱ የሚያነሣው እነሱን ነው። ዝም ያለችበት ምክንያት «ፈራሁ» ብቻ ከሆነ አንባቢ አይምራትም።

ሩቅ ምህዋር

ስለ እጮኛ ፍለጋው አመሰግናለሁ፤ ምዕራፍ 1ን እንደገና እጽፋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ መዞሪያው ቀን ላይ ብቻቸውን ላገናኛቸው እፈልጋለሁ። መንኮራኩሩ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ይሰማል፣ ይቀረጻል።

ልኬት

ወደ ውጭ አውጣቸው። በጠፈር ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ስለሆነ የሞተሩ ሙቀት ማስወገጃ ክንፎች ሰፋፊ ናቸው፤ ብናኝ ይበሳቸዋል፣ የሚጠገኑትም ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርዱ ነው። ብቻውን መውጣት ክልክል ስለሆነ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሌላው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ተረኛዋ አብሳይዋ ናት። አደጋ ከጨመርክ ልክህን ጠብቅ፦ ልብሱ ሙሉ በሙሉ ከተቀደደ ሰው ነፍሱን የሚያውቀው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነው፤ ወዲያው በረዶ አይሆንም፣ አይፈነዳምም።

ሬዲዮውን ካፒቴኑ ይሰማል። ባዶ ጠፈር ግን ድምፅ አያስተላልፍም፤ ሬዲዮውን አጥፍተው የራስ ቁራቸውን ካነካኩ ድምፁ በቁሱ በኩል ያልፋል፣ ከሁለቱ በቀር ማንም አይሰማም።

ሰምና ወርቅ

እንግዲያው በሬዲዮ «ቁልፉን ያቀብሉኝ» ይበላት። ቁሮቹ ሲነካኩ «አንቺ» ይበላት።