ፖስት ብዬ የላክሁት ጌት ሆኖ ይደርሳል፣ እርዱኝ!

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሰርግ አዳራሽ የቦታ ማስያዣ ፎርም እስከ ትናንት በደንብ ይሰራ ነበር። ዛሬ ጠዋት ላክ ሲባል 405 (በዚህ ዓይነት መላክ አይፈቀድም) ይላል። ኮዱ ላይ ፖስት (የተሞላውን ይዞ የሚሄደው) ነው ያልኩት፣ ሦስቴ አይቼዋለሁ። የሰርቨሩ ሎግ ላይ ግን ጌት (ገጽ ብቻ የሚጠይቀው) ሆኖ ይገባል፣ የተሞላው ስምና ስልክም የለም። ፖስትማን (ያለ ብራውዘር መላክ መሞከሪያ ፕሮግራም) ላይ ይሰራል። ደንበኛው በየአስር ደቂቃው ይደውላል። እግረ መንገዴን፣ ኤችቲቲፒን (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን ደንብ) ከስሩ የምማርበት መንገድ ካለም ጠቁሙኝ፣ በግምት መስራት ሰለቸኝ።

ፈጣኑ፦ ካሽ (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን የድሮ ገጽ) አጽዳ።

ጋሽ ኔትወርክ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ መሰረቱን ያዝ። ሪኩዌስት (የብራውዘሩ ጥያቄ) ሲላክ አንደኛው መስመር ላይ ሜተዱ (ፖስት ወይም ጌት የሚለው) አለ፣ ቀጥሎ ሄደሮች (ጥያቄውን የሚገልጹ መስመሮች)፣ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ የሞላኸው። በ1991 እ.ኤ.አ. የነበረው ኤችቲቲፒ አንድ መስመር ብቻ ነበር፣ ከጌት ሌላ አያውቅም። ይህን ሳትይዝ ፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ላይ መንጠልጠል ትርፉ ድካም ነው።

ሳሚ፦ የቸገረውን ሰው በታሪክ ባናደክመው ጥሩ ነው። ደግሞ ፕሮቶኮል መማር ለምኑ ነው? ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ አንድም አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደንቦች የሚጻፉበት ሰነድ) ከፍቼ አላውቅም። ሁሉንም ፍሬምወርኩ ይጨርስልሃል።

ፈጣኑ፦ ካሽ አጽድተህ ብራውዘሩን ዝጋና ክፈት አልኩህ እኮ።

የሐዋሳዋ፦ ቆይ፣ ትናንት ምን ነካክተሃል?

ጀማሪው፦ ምንም። ብቻ ሆስቲንጉ ላይ ሁሉም ሰው ወደ ባለሦስት ደብሊው አድራሻ እንዲዞር አድርጌያለሁ።

የሐዋሳዋ፦ እሱ ነዋ! ፎርምህ አሁንም ደብሊው ወደሌለው አድራሻ ነው የሚልከው። ሰርቨሩ 301 (አድራሻው በቋሚነት ተዛውሯል) ብሎ ወደ አዲሱ ያዞረዋል፣ ብራውዘሩ ደግሞ ፖስቱን ጌት አድርጎ፣ የተሞላውን ጥሎ ይሄዳል። ስታንዳርዱ ይፈቅድለታል። ፖስትማን ላይ አዲሱን አድራሻ ጽፈህ መሆን አለበት። ኤፍ12 ተጫን፣ ኔትወርክ ውስጥ ገብተህ ፕሪዘርቭ ሎግ ላይ ምልክት አድርግና ላክ። ፖስት 301፣ ከስሩ ጌት 405 ታያለህ። የፎርሙን አድራሻ አስተካክል። ሪዳይሬክቱን (ማዞሪያውን) 308 ብታደርገውም ሜተዱ አይቀየርም። ሳሚ፣ ፍሬምወርኩ ይሄን ከየት ያውቀዋል? እሱ ጋ የሚደርሰው ጌቱ ብቻ ነው።

ለመማሩ ግን ኔትካትን (በኔትወርክ የመጣውን እንዳለ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም) የሚያህል አላገኘሁም። ኮምፒውተርህ ላይ ፖርት 8080ን እንዲያዳምጥ አድርገውና ፎርሙን ወደዚያ አዙር። ላክ ስትል ብራውዘሩ የላከው ቃል በቃል ተርሚናሉ ላይ ይዘረገፋል፣ ጋሽ ያሏት ባዶ መስመር ሳትቀር። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሰራል። ብራውዘሩ መልስ ፍለጋ ይሽከረከራል፣ አትደንግጥ። መልሱን በእጅህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍለት፦ HTTP/1.1 200 OK፤ አንድ ባዶ መስመር፤ selam። ከዚያ ኮንትሮልና ሲ ተጫን። ሰላምታህ ገጹ ላይ ይወጣል። እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ጋሽ ኔትወርክ፦ ጎበዝ! አርኤፍሲ 9110 ክፍል 15 ላይ ስለ 301 ያለችውን አንብባት፣ አጭር ናት።

ፈጣኑ፦ ስታስተካክል በኢንኮግኒቶ ሞክረው፣ የድሮውን ገጽ ከካሽ እንዳያወጣልህ።

የሐዋሳዋ፦ ጀማሪው፣ 301ን አየኸው?