የፓትላ ችግኝ በድርቅ ሲለያይ፦ ዘሩ ነው ወይስ አያያዙ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከሁለት ቦታ የመጣ ፓትላ የሚባለው የፓይን ዛፍ ዘር በአንድ ችግኝ ጣቢያ ፈልቶ ሐምሌ ላይ ተተከለ። ዝናቡ መስከረም ላይ ከወጣ በኋላ ኅዳር ላይ የአንደኛው ችግኞች ሲደርቁ የሌላኛው ቆመዋል። የደረቁት ደግሞ ረጃጅሞቹ ናቸው። ጥፋቱ የዘሩ ነው ማለት ይቻላል?

ዘር ሰብሳቢ፦ በዚህ ብቻ አይቻልም። ረጅም ችግኝ ቅጠሉ ስለሚበዛ በሥሩ ዙሪያ ያለውን ውሃ ቀድሞ ይጨርሳል። ቁመቱም ራሱ ከፍሬው ትልቅነት ሊመጣ ይችላል፤ እናት ዛፏ የቋጠረችለት ስንቅ ነውና ልዩነቱ እያደር ይጠፋል።
በፓይን ላይ የዘር ልዩነት መኖሩ ግን እውነት ነው። ሎብሎሊ የሚባለው የአሜሪካ ፓይን፣ ከደረቁ የቴክሳስ ጫፍ የተሰበሰበው ዘሩ ከምሥራቅ ጠረፍ ከመጣው ይልቅ ድርቅ ይችላል። ፒናስተር በሚባለው ሌላ ፓይን ደግሞ የግንዱ ውሃ መተላለፊያ በአየር መደፈንን የመቋቋም አቅሙ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ስለዚህ ልዩነት የምትፈልጉት በእድገት ፍጥነትና ሥሩ ከቅጠሉ አንጻር ባለው ድርሻ ላይ ይሁን።

ችግኝ ጣቢያ፦ መፈተኑ ከባድ አይደለም። ከየምንጩ ቁመታቸው የተቀራረበ 30 ችግኝ ያህል ወስዳችሁ በአንድ መደብ ላይ በዕጣ አደባልቁ። ጠርዝ ላይ ያሉትን አትቁጠሩ፤ ፀሐይና ነፋስ ያደርቃቸዋል። ዝናብ እንዳይነካቸው ከላይ ፕላስቲክ ይጋረድ። ማታ በደንብ አጠጥታችሁ ጠዋት እያንዳንዱን ከነፕላስቲክ ከረጢቱ መዝኑ፤ ከዚያ ውሃ አቁማችሁ በየጠዋቱ መዝኑ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ክብደቱ ቶሎ የወረደው ውሃ አባካኝ ነው፤ እኩል ውሃ ቀርቶላቸው እያለ ቀድሞ ጫፉ የሚጎብጠው ግን በእርግጥም ደካማ ነው። በቀን ብዛት ብቻ ካነጻጸራችሁ ሁለቱ ይምታታሉ። በመጨረሻ መልሳችሁ አጠጡና የትኛው አዲስ ቅጠል እንደሚያወጣ ተመልከቱ፤ ሥሩን አጥባችሁ አድርቃችሁ ከላይኛው አካል ጋር መዝኑ።
አፈሩም አንድ ይሁን። ፓይን ሥሩ ላይ የሚኖር ፈንገስ ስለሚፈልግ ከአሮጌ ፓይን ሥር የተወሰደ አፈር ከአሥር እጅ አንድ እጅ ይቀላቀል። አንዱ መደብ አግኝቶ ሌላው ካጣ፣ ያጣው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፤ ሰውም «ዘሩ ነው» ይላል።

ከመንዝ፦ ኅዳር ላይ ውርጭም እንዳለ አትርሱ። ረባዳው ላይ ያሉት በአንድ ሌሊት ከተቃጠሉ ድርቅ አይደለም። የደረቀውን ነቅላችሁ እዩ፦ ሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ከተጠማዘዘ ጥፋቱ የችግኝ ጣቢያው ነው። መረሬ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል።

ጠያቂ፦ የተሻለው ዘር ከተገኘ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ማውረድ ይቻላል?

ዘር ሰብሳቢ፦ አይሆንም። ፓትላ የሜክሲኮ እርጥብ ደጋ ዛፍ ነው፤ ከዘሩ መካከል ጠንካራውን መምረጥ ደጋ ላይ የሚጸድቀውን ቁጥር ይጨምር ይሆናል እንጂ የቆላ ዛፍ አያደርገውም። ለደረቅ ደጋ ተረተር የአገሬው ጥድ ይሻላል፤ የእሱንም ዘር ከብዙ እናት ዛፎች፣ ተራርቀው ከቆሙት ሰብስቡ።