ድመቴ ጆሮዋን አክካ ልትጨርሰው ነው፣ ምን ላድርግ?

የውሮ እናት፦
እስቲ እርዱኝ። ገና ዓመት ያልሞላት ድመት አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላቷን ስታራግፍና በኋላ እግሯ ጆሮዋን ስታክ ነው የከረመችው፤ ከጆሮዋ ሥር ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳዋ ደምቷል። ትናንት አቅፌ ጆሮዋን ገለጥ ሳደርገው ውስጡ የቡና አተላ በመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ተሞልቷል። ለእኔ ታዞ የተረፈ የጆሮ ጠብታ ቤት አለ፣ እሱን ባደርግላት ችግር አለው? ውሮ የሚባል ትልቅ ድመትም አለኝ፣ እሱ ምንም አልሆነም።

ባለ ሦስት ድመት፦
ጠብታሽን ባለበት ተዪው። የነገርሽን ሁሉ የጆሮ ቅንቅን ይመስላል፣ ልጅ ድመቶች ላይ ይበዛል። ከፍርፋሪው ትንሽ ጥቁር ወረቀት ላይ አድርጊና ደህና ብርሃን ባለበት በማጉያ መነጽር እዪው። የሚንቀሳቀስ ነጭ ነጥብ ካለ እሱ ነው። ካላየሽ ግን የለም ማለት አይደለም። ሰው የሚሸወደው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ በ4ኛው ቀን ማከኳን ስትተው ዳነች ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ቅንቅኑ ከእንቁላል ተነስቶ እስኪያድግ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ብዙው ጠብታ ደግሞ እንቁላሉን አይገድልም፣ ስለዚህ የቀረው ይፈለፈልና እንደገና ከዜሮ። ውሮም አብሮ ይታከም። ውሻ ካለሽ እሱም። ተጠጋግተው ሲተኙ ይጋባባቸዋል።

የተቃጠልኩ፦
ኧረ ቀስ! ጥቁር ነገር ሁሉ ቅንቅን አይደለም። እኔ ይህንኑ ምክር ሰምቼ ወር ሙሉ የቅንቅን ጠብታ ሳንጠባጥብ ከረምኩ። የኔ ድመት የታመመው ግን አንድ ጆሮው ብቻ ነበር፣ ሽታው ደግሞ አያስቀርብም። በኋላ ሲታይ ውስጡ ፖሊፕ የሚሉት ሥጋ በቅሎ ኖሯል፣ ኢንፌክሽኑ የመጣው በእሱ ሰበብ ነው። ሥጋው ወጣለትና ተገላገለ። ፈንገስም፣ ባክቴሪያም፣ አለርጂም ጆሮ ያሳክካል። ያንቺዋ አንዱ ጆሮዋ ነው ሁለቱም? ይሸታል?

እንስሳት ሐኪም ቤት የምሠራ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ለዚህ ነው ምንም ከመጨመራችሁ በፊት ውስጡ ይታይ የምንለው። የድመት ጆሮ ቧንቧ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጥጥ በጠመጠመ እንጨት ስትጎረጉሪው ቆሻሻውን እጥፋቱ ላይ ትጠቀጥቂዋለሽ እንጂ አታወጪውም። ከዚያ ወዲያ ታምቡሩ ነው። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ያለበት ጠብታ አልፎ ገብቶ መስማትና ሚዛን ሊያሳጣት ይችላል። አልኮል ያቃጥላታል። ለውሻ የሚሸጥ ፐርሜትሪን የሚባል የቁንጫና የመዥገር መግደያ ያለበት መድኃኒትማ በጭራሽ፣ ድመት ይገድላል። ጆሮዋ እንደ ትራስ ካበጠ በማከክና በማራገፍ ብዛት ደም ቋጥሮ ነው፣ ቤት ውስጥ ልወጋው እንዳትዪ። ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ከተንገዳገደች ወይም ዓይኗ ወዲያ ወዲህ እያለ አልረጋ ካለ ደግሞ ችግሩ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሳይዘልቅ አልቀረምና ለነገ አታሳድሪ።

የውሮ እናት፦
ወሰድኳት። ሁለቱም ጆሮዋ ነው፣ ብዙም አይሸትም። ሐኪሟ ጆሮዋን አሸት ስታደርገው የኋላ እግሯ ራሱ አየሩን ማከክ ጀመረ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ያለውን እዪ አለችኝ፣ እግር ያለው ነገር ይርመሰመሳል! ከዚያ ወዲህ እኔንም ጆሮዬን ያሳክከኛል። ታምቡሯ ደህና ነው። ጆሮዋ ተጠረገ፣ ልሳ እንዳታወጣው ማጅራቷ ላይ ሴላሜክቲን የሚባል የቅንቅን መድኃኒት ተደረገላት፣ ከወር በኋላ ይደገማል ተብያለሁ። ምንም አልሆነም ያልኳችሁ ውሮም ተገኘበት፣ ያውም ከእሷ የባሰ። አንድም ቀን ሲያክ አይቼው አላውቅም።